ማን ቀድሞ ገባ?

በቢሮ ኔትወርክ ላይ ብዙ ሰው የሚጋራው ዳታቤዝ አልከፈት ሲል፣ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በፊት የሚመረመረው ሰው ነው። ይህን የማውቀው ተመርማሪዋ እኔ ስለነበርኩ ነው። ዛሬ እንጀራዬ የመሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ ማስተካከል ነው። ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ግን የልጅነት ምኞት አይደለም። ስሜ ባላደረግኩት ነገር በተደጋጋሚ ሲነሳ ምክንያቱን ሳላውቅ መኖር ስላልቻልኩ ነው።

2008 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት በዳታ ኢንኮደርነት ተቀጠርኩ። እናቶች ካርዳቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይመጣሉ፤ እኛ በመለያ ቁጥራቸው መዝገባቸውን እናወጣለን፤ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ የልጆቹን ደብተር፣ የወሰዱትን ሁሉ እንመዘግባለን። መዝገቡ በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራ አንድ ፋይል ነው። «ሰርቨር» ብለን በምንጠራው ኮምፒውተር ላይ፣ ሼርድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሁላችንም ከየጠረጴዛችን እንከፍተዋለን።

ስለ አክሰስ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው። አክሰስ በፈረንጆቹ 1992 ለገበያ የቀረበ፣ ለትናንሽ መሥሪያ ቤቶች እጅግ የተመቸ ፕሮግራም ነው። ትላልቅ ዳታቤዞች ያላቸውን፣ በመካከል ሆኖ ጥያቄ እየተቀበለ ተራ የሚያስይዝ ፕሮግራም ግን የለውም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በኔትወርኩ በኩል ራሱ ሄዶ ፋይሉን ያነባል፤ ራሱ ይጽፍበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ፋይል ላይ ሳይጋጭ እንዲሠራ ኮምፒውተሮቹ ማን ውስጥ እንዳለ፣ ማን የትኛውን መስመር እንደያዘ የሚተዋወቁበት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ያ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። ቢሮው ካዛንቺስ። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም፣ የቃሊቲ መንገድ ሳይዘጋ ለመውጣት ገና ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ሥራ የሚጀመረው 2፡30 ነው፤ እኔ ግን 1፡30 ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ነኝ። ዘበኛው በር ከፍተውልኝ «ደግሞ ቀደምሽ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ባዶ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከመቆየት ብዬ ዳታቤዙን እከፍትና ያለፈውን ቀን ያልተመዘገቡ ቅጾች ማስገባት እጀምራለሁ። ትጋቴ ይታይልኛል ብዬ ነበር።

ከተቀጠርኩ ብዙም ሳይቆይ ችግሩ ጀመረ። ባልደረቦቼ ይገባሉ፣ ኮምፒውተራቸውን ያበራሉ፣ ዳታቤዙን ሲነኩ «ፋይሉ ሥራ ላይ ነው፤ ሊከፈት አይችልም» የሚል ኤረር ይመጣባቸዋል። አንዱ ጋ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ጋ። ሁሉም ጋ ሲባል ግን እኔ ጋ የለም። እኔ ጋ በደንብ ይሠራል። የከፋውም ይህ ነው። መስኮቱ ጋ ልጅ ያዘሉ እናቶች ተሰልፈዋል። አንዷ ባልደረባዬ ወጥታ «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለሱ» ትላቸዋለች። ከአቃቂ በእግሯ የመጣች ሴት ከሰዓት ምን ይዛ ትመለሳለች? እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ የእነሱ መዝገብ ስክሪኔ ላይ ተከፍቶ ይታየኛል።

የአይቲ ኃላፊው ወደ ሰርቨሩ ሄዶ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር አወጣ። ዊንዶውስ በኔትወርክ የተከፈተን እያንዳንዱን ፋይል፣ ከከፈተው ሰው መለያ ጋር የሚያሳይበት ቦታ አለው። ዳታቤዙ አጠገብ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የኔ። ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ «እሷ ናት የያዘችው!» አለ። ያቺ ቃል ክፍሉን ሁሉ አዳረሰች። ከዚያ ከሰርቨሩ ሆኖ ፋይሉን በግድ ዘጋብኝ። አንድ ሰው እየጻፈ ሳለ የአክሰስን ፋይል ከሰርቨር በኩል በግድ መዝጋት ግማሹ የተጻፈ ግማሹ ያልተጻፈ መዝገብ ሊያስቀር፣ ሲብስም ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ያወቅኩት የአንዲት እናት መዝገብ ከእጄ እንደጠፋና እንደገና ማስገባት እንዳለብኝ ብቻ ነው።

ሲደጋገም ማስረጃው በላዬ ላይ ተቆለለ። መጀመሪያ «ኮምፒውተሯን አጥፉት» ተባለ። ጠፋ። ሁሉም ገቡ። ከዚያ የኔን ሲያበሩት እኔም ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ምንም ችግር አብረን ሠራን። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? የኔ ሲጠፋ ይድናል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ነው ብለው ቀየሩልኝ። በማግሥቱ ጠዋት አዲሱ ላይም ያው ሆነ። በኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ተዘጋበት። እንግዲህ ማሽኑ ነጻ ወጣ። የቀረሁት እኔ ነኝ። የኔትወርክ ገመዱ ተቀየረ፣ ስዊቹ ጠፍቶ በራ፣ አንቲቫይረስ ተጫነ፤ ችግሩ ግን እኔን ተከትሎ ይሄዳል። የክፍል ኃላፊዋ በየጠዋቱ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ከፈትሽው?» ትለኛለች። ሌሎቹ ደግሞ «እግሯ ነው» ማለት ጀመሩ። የይለፍ ቃል ሰርቃ ይሆናል ያለም ነበር፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ሰው ስለ ራሱ ደግመው ደጋግመው ሲነግሩት፣ ማስረጃውም ዓይኑ ፊት ሲቀመጥ፣ «ምናልባት ሳላውቀው የማደርገው ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል። አይጤውን ስጫን እጄ ይፈራል። ማታ ማታ የነካኋቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ለማንም ያልነገርኩት፣ ሥራውን ትቼ ወደ እናቴ ቤት ለመመለስ አስቤ ነበር። ሰነፍ ተብዬ ብሰደብ ኖሮ የማሳየው ሥራ ነበረኝ። ይህ ግን ምንም የማልይዝበት፣ የማልከራከርበት ክስ ነበር፤ ከሳሹ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አይዋሽም ይባላል።

ያወጣችኝ ኮምፒውተር የማትነካ ሴት ናት። መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረበች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አገኘችኝና ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «መቼ መቼ ነው የሚዘጋው?» አለችኝ። «ሁልጊዜ» አልኳት። «ሁልጊዜ የሚባል ነገር የለም የኔ ልጅ። እዚህ ፋይል ሲጠፋ ሁሉም ሁልጊዜ ይጠፋል ይሉኛል። እኔ ግን የፋይል መውጫ መዝገቤን አያለሁ፤ ማን ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ መለሰ ወይ። አንቺም ጻፊው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን እንደተዘጋበት። ሐሳብሽን አትጻፊ፤ የሆነውን ጻፊ።»

ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። ክረምት ገብቶ ስለነበር አንዳንድ ጠዋት ቃሊቲ ላይ መንገዱ በውኃ ይሞላና አርፍጄ እደርሳለሁ። በእነዚያ ቀናት ማንም አልተዘጋበትም። የወር መጨረሻ ሪፖርት ለማዘጋጀት አንዷ ነባር ኢንኮደር ከኔ ቀድማ የገባችባቸው ጠዋቶች ነበሩ። በእነዚያም ምንም አልሆነም። ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጥ አምዱ ራሱ ተናገረ። ችግሩ እኔ በመኖሬ አልነበረም። እኔ *መጀመሪያ* በመግባቴ ነበር። ከሌላ ሰው በኋላ ስገባ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ኮምፒውተሬን ሲያጠፉት የዳነውም ለዚህ ነበር፤ ሌሎቹ ቀደሙኝ፣ እኔ ተከተልኩ። ማሽኑ ተቀይሮም የተከተለኝ ለዚህ ነበር፤ በየትኛውም ወንበር ብቀመጥ ቀድሜ የምገባው እኔው፣ በራሴ መለያ ነኝ።

ይህን ያወቅኩ ቀን የተሰማኝን አልረሳም። ምክንያቱን ገና አላውቀውም፤ ግን ሕግ ያለው ነገር መሆኑን አወቅኩ። ሕግ ያለው ነገር የሰው እግር አይደለም።

መሥሪያ ቤቱ አልፎ አልፎ በኮንትራት የሚጠራቸው አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ነበሩ። ፕሪንተር ሊያዩ የመጡ ቀን ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይህን ቢያዩልኝ» አልኳቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሳይስቁ፣ ሳይቸኩሉ። «ነገ 1፡30 እመጣለሁ። እስክመጣ ምንም አትክፈቺ» አሉኝ። መጡ። ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡና ፎልደሩን ከፈቱ። «በይ ክፈቺ።» ከፈትኩ። ወደ ስክሪኑ ጠሩኝና «እዪ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉኝ። ምንም። ፎልደሩ ውስጥ ያው የድሮው ፋይል ብቻ። «ዝጊው።» ዘጋሁ። ያቺ ነባር ኢንኮደር ስትመጣ እሷ እንድትከፍት አደረጉ። ወዲያው ከዳታቤዙ አጠገብ፣ ስሙ ከእሱ ጋር አንድ የሆነ፣ መጨረሻው ብቻ የተለየ ትንሽ ፋይል ብቅ አለ። «አሁን አንቺ ግቢ።» ገባሁ። ሁለታችንም ሠራን።

ያ ትንሽ ፋይል ሎክ ፋይል ይባላል። በድሮዎቹ የአክሰስ እትሞች መጨረሻው ኤልዲቢ ነው፤ ከ2007 እትም ወዲህ ባሉት ኤልኤሲሲዲቢ። የእትዬ የፋይል መውጫ መዝገብ ማለት ነው። መጀመሪያ ዳታቤዙን የሚከፍት ሰው ኮምፒውተር ይህን ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ይፈጥራል፤ የኮምፒውተሩንና የተጠቃሚውን ስም ይጽፍበታል። ተከታዮቹ እየመጡ ስማቸውን ያስገባሉ፤ እስከ 255 ሰው ድረስ። የትኛው መዝገብ በማን እንደተያዘ የሚለየው በእሱ አማካይነት ነው። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ፋይሉ ይጠፋል። ታዲያ መጀመሪያ የመጣው ሰው ይህን ፋይል የመፍጠር ፈቃድ ባይኖረውስ? አክሰስ ለመጋራት የሚያስችለው ነገር የለውም። ስለዚህ ዳታቤዙን ለዚያ ሰው ብቻ አድርጎ ይከፍትና ሌላውን ሁሉ ውጭ ያስቀራል። ለዚያ ሰው ደግሞ ምንም አይነግረውም። እሱ ጋ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ጋሼ ቀጥለው የፎልደሩን ፐርሚሽን አወጡ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሼርድ ፎልደሩ በሠርግ ቪዲዮና በፊልም ተሞልቶ ዲስኩ ጠቦ ነበር። የአይቲ ኃላፊው ይህ እንዳይደገም ብሎ ለአዲስ ተቀጣሪዎች የተለየ ግሩፕ ፈጠረ፤ ያሉትን ፋይሎች ከፍተው ይጽፉባቸዋል፣ ይሠርዛሉ፤ በፎልደሩ ውስጥ አዲስ ፋይል ግን መፍጠር አይችሉም። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በኋላ የተቀጠርኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎች የፈጠሩት ሎክ ፋይል ሲኖር ስሜን ልጽፍበት እችላለሁ። ከሌለ ግን መፍጠር አልችልም። ማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሚጋሩ ሰዎች ሁሉ በፎልደሩ ላይ የማንበብ፣ የመጻፍ፣ የመፍጠርና የመሠረዝ መብት ሊኖራቸው እንደሚገባ በግልጽ ጽፎታል። አንዱን ሰው እንዳይጽፍ መከልከል ከተፈለገ እንኳ ክልከላው በዳታቤዙ ፋይል ላይ ይደረጋል እንጂ በፎልደሩ ላይ አይደለም።

ወደ ነባሮቹ ግሩፕ አስገቡኝ። ወዲያው ሞከርኩ፤ አልሠራም። ልቤ ወደቀ። ጋሼ ፈገግ ብለው «ውጪና እንደገና ግቢ» አሉኝ። ዊንዶውስ ሰውየው በየትኛው ግሩፕ እንዳለ የሚያነበው ሎግ ኢን ሲደረግ ነው፤ ወጥቶ ያልገባ ሰው የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይቀጥላል። ወጥቼ ገባሁ። ሎክ ፋይሉ ብቅ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ኤረር በዚያ መሥሪያ ቤት አልታየም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የአይቲ ኃላፊው «ተስተካክሏል» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከአዳራሹ ጫፍ «እሷ ናት» ያለው ድምፅ፣ «እሷ አይደለችም» ለማለት አልተመለሰም። ማንም አልነገራቸውምና ሰዎቹ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ነበረች፣ አሁን ተስተካከለች። ከወራት በኋላ ፕሪንተሩ ሲበላሽ ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ። የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ «በኮምፒውተር አጠቃቀም ጥንቃቄ ይጎድላታል» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ደብተሬን ይዤ ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። በትዕግሥት ሰማችኝና «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» አለችኝ። የፎልደሩ ፈቃድ በደቂቃዎች ታረመ። የኔ ወረቀት አልታረመም። በቀጣዩ መስከረም የማታ ኔትወርክ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቢሮው የማየው ይህንኑ ነው። የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር ትክክለኛ ነገር ይናገራል፤ ፋይሉን የያዘው ማን እንደሆነ ይናገራል። *ለምን* እንደያዘው ግን አይናገርም። ሰው ደግሞ ስም ካገኘ «ለምን» የሚለውን በራሱ ግምት ይሞላዋል። አንዳንዴ ስሙ ራሱ ያሳስታል። አክሰስ አንድ ሰው የዳታቤዙን ቅርጽ እያስተካከለ ሳለ ሌላው ልክፈት ሲል፣ «አድሚን» የተባለ ተጠቃሚ እንደዘጋው ይገልጻል። አድሚን ግን የሥልጣን ስም አይደለም፤ አክሰስ የተለየ የተጠቃሚ ቁጥጥር ካልተደረገለት በቀር ማንኛውንም ሰው የሚጠራበት ስም ነው። በዚህ መልዕክት ምክንያት የአይቲ ሠራተኛ «አንተ እየዘጋህብን ነው» ተብሎ ሲጨቃጨቅ ደርሻለሁ። በመልዕክቱ ውስጥ የሚጠቅመው ከአድሚን ቀጥሎ የሚመጣው የኮምፒውተሩ ስም ነው፤ እሱም ቢሆን እዚያ ወንበር ላይ ያለውን ሰው ሄዶ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

አንዳንዱ ጥፋት ደግሞ ከቢሮው ግድግዳ ውጭ ነው የሚመጣው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በኤስኤምቢ 1፣ ማለትም በዊንዶውስ አሮጌ የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ቀዳዳ በኩል ዓለምን አናወጠ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ሲጫን ያ አሮጌ ቋንቋ አብሮት መምጣቱ ቀረ። ውሳኔው ተገቢ ነው። ግን ሰርቨራቸው ገና ዊንዶውስ 2003 የሆነ ቢሮዎች ነበሩ፤ እሱ ከዚህ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። አዲስ ኮምፒውተር የተሰጠው ሠራተኛ ሰርቨሩን ማየት አቃተው። «አሮጌዎቹ ይሠራሉ፣ ያንተ ብቻ እንዴት?» ይሉታል። አሮጌውን ቋንቋ መልሶ ማብራት ለጊዜው ያስከፍታል፤ ቀዳዳውንም አብሮ ይከፍታል። እኔ በሄድኩባቸው ቦታዎች ሰርቨሩን ቀይሩ ብያለሁ፤ በጀት የለም ሲሉኝም ደግሜ ብያለሁ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከወጣው የዊንዶውስ 10 1803 እትም በኋላ ደግሞ በኔትወርክ ላይ የተቀመጡ የአክሰስ ፋይሎች በድንገት «ዳታቤዙ ተበላሽቷል» ወይም «ቅርጹ አይታወቅም» ማለት ጀመሩ። ብዙ ቢሮ መብራት ጠፍቶ፣ ወይም አንዱ ሳይዘጋ ወጥቶ ነው ብሎ ደመደመ። መብራት ሲቋረጥ አክሰስ እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ በኛ አገር ይህን የማያውቅ ኢንኮደር የለም። ማይክሮሶፍት ግን ችግሩ ከዊንዶውሱ መሆኑን ራሱ ገልጾ፣ ፋይሉ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሊዝ የሚባለውን የኤስኤምቢ አሠራር ማጥፋትን በጊዜያዊ መፍትሔነት አቀረበ። በአንዲት ትእዛዝ የሚደረግ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሠራተኛ «ሳትዘጊ ወጥተሻል» ተብሎ እንደተወቀሰ ማን ያውቃል።

አሁን አንድ ቢሮ ስጠራ መጀመሪያ ኪቦርድ አልነካም። ሰዎቹን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፤ ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን መጨረሻ ይወጣል፣ ማን ነው አዲሱ፣ ማን ነው በዋይፋይ የሚሠራው፣ ማን ነው ስለተቸገረ ፋይሉን ዴስክቶፑ ላይ ገልብጦ የሚሠራው። ይህን የመጨረሻውን ሲመልሱልኝ ያፍራሉ፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። በር የተዘጋበት ሰው መግቢያ ይፈልጋል። ዳታቤዙ አልከፈት ብሎ እናቶች መስኮቱ ጋ ሲቆሙ፣ በፍላሽ ገልብጦ መሥራት ርኅሩኅ ሰው የሚያደርገው ነው። ጉዳቱ ኋላ ይመጣል፤ ሦስት ዓይነት መዝገብ፣ ሦስቱም እውነት የሚመስል። ከዚያ በኋላ ነው ፈቃዶቹን የማየው። ሼር ሲደረግ የተሰጠው ፈቃድና በፎልደሩ ላይ ያለው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰውየው ከኔትወርክ ሲመጣ የሚገዛው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው። አንዱ ላይ «ሁሉም ይችላል» ብሎ ሌላው ላይ «ማንበብ ብቻ» ያለ ቢሮ ስንት አይቻለሁ። ዳታቤዙ ለሁለት ላልተከፈለላቸው ደግሞ እከፍልላቸዋለሁ፤ መረጃው ብቻ ሰርቨሩ ላይ፣ ቅጾቹና ሪፖርቶቹ በየሰው ኮምፒውተር ላይ። ይህ ከተደረገ በኋላ አንዱ ቅጽ ሲያስተካክል ሌላው አይዘጋበትም።

ባለፈው ዓመት ወደ አንድ አስመጪ ቢሮ ተጠራሁ። ቅሬታው በአንድ የሽያጭ ሠራተኛ ላይ ነበር። ዳታቤዙ ለሁሉም ይከፈታል፤ እሱ ጋ ብቻ «ኮምፒውተሩ ከዚህ በላይ ግንኙነት መቀበል አይችልም» ይላል። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ስለሚመጣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ገቢ እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ በሰኞ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት «ለአርፋጅ ኮምፒውተሩም በር አይከፍትም» ብሎታል። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። እኔ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ሰርቨር የሚሉትን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ተራ ዊንዶውስ 10 ነው። ተራ ዊንዶውስ 10 ከኔትወርክ የሚመጡ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ አያስተናግድም፤ ፈቃዱ እንዲህ ነው። ቢሮው በዓመቱ ውስጥ ሰው ጨምሯል። የመጋዘኑ ኮምፒውተሮች፣ ሰነድ ስካን የሚያደርገው ማሽን፣ የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ሳይቀር ያንኑ ፎልደር ይዘው ይውላሉ። ዝርዝሩን ስቆጥር ልክ 20 ሞልቷል። እሱ ሃያ አንደኛው ነው። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ውጭ የሚቀረው ሌላ ሰው ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን አሳየሁት። ገባው። የሰርቨር ፈቃድ እንዲገዛ ወይም አነስተኛ የፋይል ማስቀመጫ መሣሪያ እንዲያስገባ ጻፍኩለት፤ እስከዚያው ፎልደሩን የማይፈልጉትን ኮምፒውተሮችና ስካነሩን አላቀቅኩ። የሽያጭ ሠራተኛው በዚያው ቀን ገባ። ሥራ አስኪያጁ ክፍያዬን ሊጽፍልኝ ሲል «አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩት። የተናገረው በሰኞ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ስለነበር፣ ማረሙም እዚያው እንዲሆን ለመንኩት። ዝም ብሎ አየኝ። የራሴን ታሪክ ነገርኩት፤ ምዘናዬ ላይ የተጻፈውንም ጭምር።

ሰኞ ዕለት መሣሪያውን ለማስገባት ተመልሼ ስሄድ ስብሰባው ገና አላበቃም ነበር። ሥራ አስኪያጁ የሠራተኛውን ስም ጠርቶ፣ ችግሩ ከእሱ እንዳልነበረና ኮምፒውተሩ ከ20 በላይ እንደማይቀበል፣ ያለ አግባብ እንደተናገረው ለሁሉም አስረዳ። አንዲት ልጅ «ታዲያ ሃያ አንደኛው ማንም ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ማንም» አላት። ከዚያ ወደ መጋዘኑ የቆጠራ አጀንዳ አለፉ።